ለዋልተር የተጋገረ ዳቦ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 27 ቀን 1980 ዓ.ም.

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ማውንት ቤከር ሰፈር

ዳቦው ገና ትኩስ ነው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥኩት። ጾመ ሐዋርያት ስለገባ ቅቤ አልነካውም። ቀኑ መድኃኔ ዓለም ነው። በሰላም ላነቃን ጌታ ምስጋና ይሁን።

ሚስስ ሩት ካፖርታቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ምግባቸውን እየሠራሁ፣ መድኃኒታቸውን እየሰጠሁ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። የልጆቼ እንጀራ ከእሳቸው ቤት ነው።

ታናሽ ወንድማቸው የባሕር ኃይል አብራሪ ነበር። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት፣ በዛሬዋ ቀን፣ ሚድዌይ በምትባል ደሴት አጠገብ የጃፓን መርከቦችን ሊመታ ሲበር ባሕር ውስጥ ወደቀ። አብረውት ከተነሡት አውሮፕላኖች አንድም አልተመለሰም። መቃብር የለውም።

ይህን የሰማሁት ዘንድሮ በብርዱ ወራት ነው። ስለዚያ ጦርነት የተሠራ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ አብረን ተቀምጠን ነበር። አውሮፕላኖቹ ተራ በተራ ሲወድቁ፣ "ወንድሜ እዚያ ነበር" አሉኝ። እኔ ጦርነቱ ራሱ የተቀረጸ መስሎኝ፣ "የትኛው ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። "አንዱም አይደለም" አሉ። ፊልሙ አዲስ በወጣ ጊዜ ሲኒማ ቤት ገብተው ነበር። ከኋላቸው ያለው ሰው ፈንዲሻ መቆርጠሙን ሳያቋርጥ በፊልሙ አብራሪዎቹ ልጆች ሁሉ ወድቀው አለቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የወንድማቸውን ስም ጠርተው አያውቁም። ዋልተር መባሉን እኔም ያነበብኩት ከፎቶው ጀርባ ነው።

የሟቾቹ ዘመዶች በየዓመቱ ውቅያኖሱ ዳር ተሰብስበው ስም እየጠሩ አበባ ወደ ውሃው ይጥላሉ። ለሚስስ ሩትም ጥሪው ይደርሳቸዋል፤ ሄደው ግን አያውቁም። ዘንድሮ፣ "አንቺ አብረሽኝ ከሆንሽ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ልጥራው" አሉኝ። ዓይናቸው እየደከመ ነው። ለከርሞ መድረሳቸውን እግዚአብሔር ያውቃል።

1 ሰዓት፣ ኦሎምፒያ

የሚነዳው ጎረቤቴ ታደሰ ነው። ታክሲ ነጂ ነው፤ በእረፍት ቀኑ በነፃ ሊወስደን መጣ። ይባረክ። ሬይኒር ተራራ በስተግራችን ራሱን ብቻ ከደመና በላይ አውጥቶ ሸኘን። ለቤንዚን ቆምን። ቡና ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ እኔ የቅዳሴ ሰዓት ሳያልፍ ስለማልቀምስ ለሁለቱ ገዛሁ።

ታደሰ ቅርጫቱን አሸተተ።

"ሶ፣ እትዬ ዘነበች፣ ይሄ ዳቦ ለማን ነው?"

"ለሟቹ ነፍስ። የሚበሉት ድሆች ናቸው።"

"በእኛ ቸርች እኮ ለሞተ ሰው አይጸለይም።"

"አንተ አትጸልይ። መኪናውን ንዳ።"

"ኦኬ፣ ኦኬ። መንዳቱ አልተከለከለም።"

ሚስስ ሩት ምን እንደሚያስቀን ጠየቁ። ተረጎምኩላቸው። ከተነሣን ወዲህ የመጀመሪያውን ፈገግታ አየሁ።

2 ሰዓት ተኩል፣ አበርዲን

ካፊያ። ግንድ የጫኑ ረጃጅም መኪናዎች፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ሽታ፣ ቀለማቸው የለቀቀ የእንጨት ቤቶች። ሚስስ ሩት ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። መስኮቱን እያየሁ ዳዊቴን ደገምኩ።

4 ሰዓት፣ ዌስትፖርት

መንገዱ አለቀ፤ ከዚህ ወዲያ ውሃ ነው። አርባ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ሽማግሌዎች ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተዋል፣ ሴቶች ኮፍያቸውን ከነፋሱ ይዘዋል።

እኔ የኔ ቢጤ ፍለጋ ዙሪያውን አየሁ። እኛ አገር ተዝካር ባለበት ድሀ ሳይጠሩት ይመጣል፤ እዚህም ይኖራል ብዬ ነበር። አንድም የለም።

"እትዬ፣ ዳቦ ይዘን ድሀ አጣን" አለ ታደሰ።

ስም መጥራት ተጀመረ። የሚስስ ሩት ተራ ደረሰ። ከማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ነፋሱ ብቻ ተሰማ። ተራ የሚያስጠብቀው ሽማግሌ በትዕግሥት ጠበቃቸው። ሚስስ ሩት ራሳቸውን ነቀነቁና አበባውን እንደያዙ ወደ መኪናው ተመለሱ።

"ወደ ቤት ውሰዱኝ" አሉ።

5 ሰዓት ተኩል፣ ወደቡ

መውጫው በዓሣ አጥማጆቹ ወደብ በኩል ነው። ታደሰን ቁም አልኩት።

"የተዝካር ዳቦ ወደ ቤት አይመለስም" አልኩ።

ቢጫ የላስቲክ ሱሪ የለበሱ ሰዎች ከጀልባ ዓሣ ያወርዳሉ። ፊታቸው በብርድ ቀልቷል። ድሆች መሆናቸውን አላውቅም፤ እንደራባቸው ግን ያስታውቃል። ዳቦውን በመኪናው አፍንጫ ላይ ቆረስኩ። ጢማም የሆነው ቀድሞ መጣ።

"ምን በዓል ነው?" አለ።

የሟች ዘመድ ባለበት ሌላ ሰው አይመልስም። ሚስስ ሩት ወደተቀመጡበት የመኪናው መስኮት አመለከትኩት። ቁራሹን እንደያዘ ጎንበስ አለ።

"ለማን ነው፣ እመቤቴ?"

ሚስስ ሩት ዳቦውን አዩ።

"ለወንድሜ" አሉ።

ሰውየው አልጎረሰም። ይጠብቃል።

"ዋልተር" አሉ። "ዋልተር ይባላል። አብራሪ ነበር።"

ኮፍያውን አወለቀ። "ለዋልተር" አለና ጎረሰ።

ሁለተኛው መጣ፤ እሱም ጠየቀ። ለሦስተኛው ሚስስ ሩት ከመኪናው ወርደው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ራሳቸው ሰጡ። ዳቦው ሊያልቅ ሲል ዋልተር በልጅነቱ ጃንጥላ ዘርግቶ ከጎተራ ጣሪያ ላይ እንደዘለለ እያወሩ ነበር። ሰዎቹ ሳቁ።

ጢማሙ አበባውን አየና፣ "ከሰዓት እንወጣለን። ከዚህ ርቄ ልጣልልዎት?" አለ።

"ስሙን እየጠራህ ጣለው" አሉና ሰጡት።

በመልስ ጉዞ

ታደሰ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው የመጨረሻውን የዳቦ ቁራሽ ይገምጣል።

"በእናንተ ዘንድ ክልክል አልነበረም?" አልኩት።

"እትዬ፣ አይጸለይም አልኩ እንጂ አይበላም መቼ አልኩ?"

ኦሎምፒያን ስናልፍ ፀሐይ ከደመናው ወጣች። የተኙ መስለውኝ የነበሩት ሚስስ ሩት ተናገሩ።

"አውሮፕላኑ ላይ ከዋልተር ኋላ መትረየስ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። እናትም አባትም አልነበረውም። ዛሬ የጠራው ሰው የለም።"

"ስሙን ያውቁታል?"

"በደብዳቤው ሁሉ ስለ እሱ ይጽፍልኝ ነበር።"

ነገሩኝ። ዳዊቴን አወጣሁ። በጸሎቴ የማነሣቸው ሙታን በተጻፉበት በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከአባቴና ከእናቴ ስም በታች፣ የሁለቱን ልጆች ስም ጻፍኩ። መኪናው እየነቀነቀኝ ጽሕፈቴ ጠማማ ሆነ፤ ግን ይነበባል።