ሙታን ሳይቀምሱት የማይቀመሰው ሾርባ

ማልሬ በኮሪያ፣ ከዮንግቾን ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ለሶ ቤተሰብ የበኩር ልጅ ስትዳር ያገባችው አንድ ሰው ብቻ መስሏት ነበር። ኋላ ነው የገባት፤ ያገባችው አንድ ሕያውና ስምንት ሙታን ኖሯል። ሕያው ባሏ ታክሱ የሰጡትን በልቶ ዝም የሚል ገራም ነው። ሙታኑ ግን እያንዳንዳቸው የሙት ዓመታቸው በደረሰ ቁጥር ከነክብራቸው ይመጣሉ፤ በጨው የሰነበተ የሻርክ ሥጋ በእንጨት ተሰክቶ፣ ኦክቶፐስ ተቀቅሎ፣ ቂጣ ተጠብሶ፣ ሩዝና የበሬ ሥጋ ሾርባ ተሰናድቶ ይጠብቃቸዋል። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ አይወዱም። የበኩር ልጅ ሚስት ወለል ላይ ቁጢጥ ብላ ስትጠብስ መዋሏን ግን የጠላ ሙት እስከዛሬ አልተሰማም።

ከሁሉ የሚከፋው የቅምሻው ደንብ ነው። ለሙታን የተሠራውን ከሙታን በፊት የቀመሰ ነውረኛ ነው። ስለዚህ ማልሬ አርጅታ እስክትሸብት ድረስ ጨው የምትመጥነው በዓይኗና በተስፋ ነበር።

ዘንድሮ ጉልበቷ አሻፈረኝ አለ። ሐኪሙ ወለል ላይ አትቀመጪ ብሏታል። ጎረቤቶቿ ሁሉ ተዝካራቸውን አሰባስበው በዓመት አንድ ቀን አድርገዋል፤ የእነሱ ሙታን ከፍቷቸው አመፅ አላነሱም። ማልሬም ይህንኑ ለመጠየቅ ቆረጠች። ለባሏ ብትነግረው፣ «ለትንሹ አባቴ ንገሪው» አላት። ታክሱ ከእናቱ ሆድ የወጣውም ትንሹን አባቱን አስፈቅዶ ሳይሆን አይቀርም።

ትንሹ አባት ማንቦክ የሟቹ አማቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የቀበሌ ጸሐፊ፣ የዴጉ ከተማ ነዋሪ፣ የቤተሰቡ ማዕከላዊ ኮሚቴ። ኮሚቴው አባሉም ሊቀ መንበሩም እሳቸው ናቸው። በአማቷ የሙት ዓመት ቀን ሚስታቸውን ጆምሱንን አስከትለው ከባቡር ወረዱና በቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ። እንዳይመስላችሁ፤ ሊያግዙ አይደለም።

«የዓሣው ራስ ወደ ምሥራቅ! ቀይ ፍሬ በምሥራቅ፣ ነጭ ፍሬ በምዕራብ! ስንቴ ልናገር?»

«ትንሹ አባታችን፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል» አለች ማልሬ ግድግዳ ተደግፋ እየተነሣች። «ስምንቱን በአንድ ቀን እናድርገው።»

«በአንድ ቀን? የሰልፈኛ ምሳ ነው እንዴ? አባቶቻችንን አንድ ላይ አሰልፈሽ ልታበያቸው!»

«ድሮ ደንቡ እኩለ ሌሊት ነበር። ባቡር እንዳያመልጠኝ ብለው ወደ ማታ ያመጡት እርስዎ ነዎት።»

«እሱ ሌላ ነው። ባቡር ሰዓት አለው።»

«ጉልበትስ?»

«ጉልበት የራስሽ ነው፤ ባቡር የመንግሥት ነው።»

ማልሬ ሳህን ልታመጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ማንቦክ ሾርባው አጠገብ ቆመው እጃቸውን ያራግፋሉ። «ይኸው ነው፤ ሰው ካልቆመላችሁ የምታደርሱት ነገር የለም» ብለዋት ወጡ።

ማታ ወንዶቹ ሰገዱ። ማንኪያው ሩዙ መሐል ተተከለ፤ ሟቹ በሰላም እንዲበሉ በር ተዘግቶ ሁሉም ውጭ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ማልሬ ከወጥ ቤት ሆና የተዘጋውን በር አየችው። ሰውዬው በሕይወት ሳሉም ሲበሉ ያመሰገኑበት ቀን የለም። ማንቦክ ጉሮሯቸውን ጠርገው በሩን ከፈቱ፤ ማዕዱ ለሕያዋን ተላለፈ።

ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ ስለማይጀምር ማንኪያ ያነሣ አልነበረም። ማንቦክ ከሾርባው አንድ ጊዜ ፉት አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መዋጥ አቃታቸው፤ መትፋት ደግሞ ነውር ሆነባቸው፤ እንደ ምንም ዋጡት።

«ይሄ ምንድን ነው? ባሕር ነው እኮ! ወንድሜን ጨው አበላሽው! ተዝካሩን አሰባስቡ ብለሽ እምቢ ስላልኩሽ ሆን ብለሽ ነው!»

ማልሬ ከወጥ ቤት መጥታ ሾርባውን ቀመሰችው፤ ምላሷ ተኮማተረ። የጨመረችው እንደ ወትሮው ነበር፤ ግን በምን ታስረዳ? ታክሱ ጣሪያውን ያጠና ጀመር። ስምንቱም ተዝካር እስክትሞት በጫንቃዋ እንደሚቀር ታያት።

ጆምሱን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ጌታው፣ ያንተ እጅ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ልጅቷ ጓሮ ስትወጣ፣ ቀለሙ ፈዟል ብለህ ጭብጥ ሙሉ ጨው አልሞጀርክበትም? በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ያኔ አትናገሪም?»

«ሳይቀመስ መብዛቱን በምን ልወቅ? ደንቡ ያንተ!»

ማንቦክ ግለ ሂስ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ማልሬ ግን ዕድሏን አወቀችበት።

«ትንሹ አባታችን፣ እንግዲህ እጅዎ ከገባበት አይቀር፣ የሚመጣው የአያታችን የሙት ዓመት እርስዎ ቤት ይሁን። የዓሣውን ራስ ወዴት እንደሚያዞሩ እንደሆነ ማንም አይነግርዎትም።»

«እሰይ!» አለች ጆምሱን። «ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጥፍለትና ቁጢጥ ብሎ ይጠብሳል። እኔም ወገቤን አሞኛል።»

ማንቦክ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ቀጥሎ ኦክቶፐሱን። ከዚያ ድንገት ሊቅነታቸው መጣ።

«በመሠረቱ» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «በአንድ ቀን ማሰባሰብን የሚከለክል ደንብ የለም። ዋናው ልብ ነው።»

ያ ሁሉ ዘመን ዲዳ የነበረ ደንብ በአንድ ማንኪያ ሾርባ አፉን ፈታ! ጉልበቷ ሲጮህ ያልሰሙት ሰውዬ የገዛ ምላሳቸው ሲቃጠል ጆሯቸው ተከፈተ።

ማልሬ በታላቅ ፊት እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ነውር ነው፤ ግን ያረማት የለም። ታክሱ ተነሥቶ በራሱ እግር ወጥ ቤት ገባና ሾርባው ላይ ፍል ውሃ ቸለሰበት። ጭልፋው የት እንደሚቀመጥ ግን ጠየቀ።

ማንቦክ ደጃፍ ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ ዘወር አሉ። «ግን በአንድ ቀን ከሆነ ሞላ ያለ ይሁን። ስምንት ናቸው፤ ኦክቶፐሱም ከፍ ያለ ይሁን። ቂጣውም እንዲሁ…»

«ጨውስ ማን ይጨምር?» አለች ማልሬ፣ እግሯን ሳትሰበስብ።

ማንቦክ ድንገት ባቡሩ ትዝ አላቸው።