በኖራ የተቀባው መስኮት

የእናቴ ታናሽ እህት እናቴም በምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ የስፌት ክፍል ተቆጣጣሪ ሆና በተሾመች ሰሞን ሴቶቹ «ብሎኗ» የሚል ስም አወጡላት። ገና ከበሩ ስትገባ አንዷ አንገቷን ደፍታ፣ «ብሎኗ መጣች፤ መፍቻ ያላችሁ?» ትላለች። ሌላዋ ቀና ሳትል፣ «ለእሷ የሚሆን መፍቻ አልተሠራም» ትመልሳለች። ሳቃቸው በስፌት መኪኖቹ ጩኸት ውስጥ ይሰጥማል።

አክስቴ እዚያው ክፍል ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል ኖራለች። ማን በሽንት ቤት ሰበብ እንደሚያርፍ፣ ማን ክር ጠፋኝ ብላ ወሬ ፍለጋ እንደምትዞር ጠንቅቃ ታውቃለች። ሥራ አስኪያጁም የሾማት ለዚሁ ነው። «ልጓሙ ላልቷል፤ አጥብቂልኝ። ካቃተሽ ወንበርሽ እዚያው ነው» ብሏታል። ወደዚያ ወንበር ከምትመለስ ሞቷን ትመርጥ ነበር።

አጠበቀች። መጀመሪያ ወሬ ከለከለች። ቀጥላ የሚዋደዱትን እየለየች አራርቃ አስቀመጠቻቸው። አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ «ልጄ፣ ክርም እኮ ሲወጠር ይበጠሳል» ብትላት፣ «ይበጠሳ! ክር ሞልቷል፤ ሰውም ሞልቷል» አለቻት።

ከዚያ መስኮቱ ላይ ደረሰች። የክፍሉ መብራት ቢጫ ስለሆነ ሁለት የማይመሳሰሉ ሰማያዊ ጨርቆችን አንድ ያስመስላቸዋል። ስለዚህ ኮሌታ የምትሰፋዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ኮሌታውንና የሸሚዙን አካል ይዛ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፤ አስተያይታ ትመለሳለች። ይህን «ለፀሐይ ማሳየት» ይሉታል። አክስቴን ያስተማረቻት ኮሌታ ሰፊዋ እናቴ ነበረች። ታዲያ መስኮቱ ጋ የሄደች ሁሉ ቶሎ አትመለስም፤ ማዶ ብስክሌት የሚጠግኑትን ጎረምሶች ታያለች፣ ትስቃለች። «ጨርቁን ለፀሐይ፣ ራሳቸውን ለጎረምሳ ነው የሚያሳዩት» አለች አክስቴ። አንድ ጠዋት ሴቶቹ ሲገቡ መስታወቱ በሙሉ በኖራ ተለስኖ አገኙት።

«ከእንግዲህ ከወንበሯ የምትነሳ በዚያው ወደ ቤቷ ትነሳ!»

ቤት ውስጥ እናቴን «እትዬ» ነበር የምትላት። እዚያ ግን «አንቺ፣ ባለኮሌታዋ!» ሆነች።

የጥበቃ ሠራተኞች ሸሚዝ የታዘዘ ጊዜ እናቴ ኮሌታውን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ተነሳች።

«ምን ያስነሳሻል?» አለች አክስቴ ከወዲያ ጫፍ።

«ቆራጩ ኮሌታውን ከሌላ ጣቃ የቆረጠው መሰለኝ። በር ላይ ወጥቼ ልየው።»

«ተቀመጪ! እህቴ ስለሆንሽ የሚላላልሽ መሰለሽ?»

«እህትሽ ስለሆንኩ ሳይሆን ዓይን ስላለኝ ነው።»

«ዓይንሽን መርፌሽ ላይ አድርጊው!»

አንዷ ኪ ኪ ብላ ሳቀች። እናቴ ፊቷ ቀላ፤ «እሺ፣ እመቤቴ» ብላ ተቀመጠችና ሰፋች። ያን ቀን ሙሉ ሰፋች፤ በማግስቱም ሰፋች።

ሸሚዞቹ ከነካርቶናቸው ተመለሱ። ውጭ ሲታዩ አካላቸው ሰማያዊ፣ ኮሌታቸው ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር። ያዘዘው ሰውዬ፣ «እነዚህ ሸሚዞች አንገት ተበድረው ነው የመጡት?» ብሎ እንደተሳለቀ ተወራ። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ሸሚዝ አንጠልጥሎ ገባ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ማን ናት ይህን የሰፋችው?»

ሁሉም አክስቴን አየ። «ልየው ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ» ብትል ወደ ቁልፍ ተከላው መመለሷ ነው። ጣቷን ቀሰረች።

«እሷ ናት።»

«እህቴ» እንኳ አላለችም።

እናቴ መቀሷን አንስታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ በመቀሱ ጀርባ ኖራውን ትፍቅ ጀመር። የፋቀችው የመዳፍ ያህል ሲሆን ብርሃን ገባ። «ይምጡ፣ ጌታዬ፤ እዚህ ጋ ይዘው ይዩት። እኛ ቀለም የምናይበት ዓይናችን ይህ ነበር። ማን እንዳሳወረው እሷን ይጠይቋት» አለች። ሴቶቹ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ እየተነሳች ሁሉም ቆሙ።

ሥራ አስኪያጁ አጥብቂ ያላት ራሱ መሆኑን አላነሳም። ሸሚዙን መሬት ላይ ጣለና እናቴን ወደ ቤቷ፣ አክስቴን ወደ ቁልፍ ተከላው ላካቸው። አክስቴ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ተቀመጠች። በአጠገቧ የምታልፍ ሁሉ፣ «መፍቻው ተገኘ!» ትላት ነበር።

ሁለቱ ግን ከዚያም በኋላ በአንድ ግቢ ኖሩ፤ ከአንድ ቧንቧ ቀዱ። መነጋገሪያቸው እኔ ነበርኩ፤ «አክስትሽን ባልዲዋን አንሺ በያት»፣ «እናትሽን አሁን አነሳለሁ በያት»። በልጅነቴ ይህን ጨዋታ አደርገው ነበር። ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ላይ የሚቀረው የባልዲው ድምፅ ነው።

ሁለቱም ካረጁ በኋላ አክስቴ አንድ ቀን የቀሚስ ጨርቅ ይዛ ከእናቴ ደጃፍ ቆመች፤ ለኮሌታው የሚሆነውን ለብቻው ጠቅልላለች። «እትዬ» ብላ ጨርቆቹን አቀበለቻት። እናቴ ሁለቱንም ተቀብላ ወደ ግቢው መሐል ወጣች፣ ለፀሐይ ዘረጋቻቸው፣ አገላብጣ አየቻቸው።

«አይገጥምም» አለችና መለሰችላት።

አክስቴ ጨርቁን በእጥፋቱ አጥፋ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሄደች።

ገጥሞ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ አይቼዋለሁ።