አፍንጫዋን የሸፈነችው ሴት

ከነርሷ ፊት የተቀመጠችው ሴት ልጇን አዝላ፣ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና፣ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ውስጥ የቆመውን ጽጌረዳ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትመለምለዋለች። የአበባ እርሻ ሠራተኛ ናት፤ አፍንጫ መሸፈኑም የእርሻው ልማድ ነው፤ እጇም ሥራ መፍታት አያውቅም።

«ልጁን ዛሬም አስቀመጠው? ውሃ አፍልተሽ አጠጪው ብዬ ስንቴ ልንገርሽ!» ነርሷ ተቆጣች።

«አፈላለሁ እኮ ሲስተር። ሲፈላማ ሽታው ይብሳል። አበባው ባሕር ማዶ እስኪደርስ እንዳይጠወልግ መድኃኒት ውስጥ ይነከራል፤ እጣቢው እኛ ወንዝ ይወርዳል።»

ነርሷ የምትገባበት ጠፋት። ጽጌረዳውን የገዛችው እሷው ናት፣ ክፍሉ ደስ እንዲል ብላ። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ሥር ልትደብቅ ስታነሳ ሴትየዋ እጇን ያዘቻት።

«ተይው ሲስተር፣ ትንሽ ልየው። እኛ ሳይፈካ ነው የምንቆርጠው።»