ጂሩ ለሽማግሌዎቹ ያጠመደው አሳ

ኡኬ ከተማ ውስጥ ጂሩን የማያውቅ የለም። ስሙን የሚጠራው ግን ጥቂት ነው። «ቁርጡሚ» ይሉታል፤ በኦሮምኛ አሳ ማለት ነው። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ሴቶቹ አፍንጫቸውን በሻርፕ ይይዛሉ። እስራኤል የሚባለው ሹፌር ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከከረጢት ጋር ነው የሚያስቀምጠው። ጂሩ አብሯቸው ይስቃል። ሲስቅ መሬት መሬት ያያል።

እኔ ሻይ ቤቴ በር ላይ ሆኜ ነው ይህን ሁሉ የማየው። የምጽፈውም እንደማወራው ነው፤ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም። እኔ ያላየሁትን ጂሩ ራሱ ነግሮኛል።

ጂሩ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ አለው። የአንገር ወንዝ ድልድይ ሲጠገን የመጣ አንድ የውጭ አገር ፎርማን እሁድ እሁድ ወንዝ ዳር ይውል ነበር፤ ጂሩ ያኔ ድንጋይ ተሸካሚ ነው። ሰውዬው ሲሄድ ዘንጉን ከነክር መጠምጠሚያው ሰጥቶት ሄደ። እኛ አገር አሳ የሚያዘው በብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ይወቀጥና ወንዙ ሲጎድል ይበተናል፤ አሳው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ በቅርጫት መልቀም ነው። ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ያልቃል። ጂሩ ይህን አይወድም። እሱ አንድ በአንድ ነው የሚይዘው።

አንድ ቀን ሄጄ አይቼዋለሁ። ትንንሽ አሳ በአጎበር ቁራጭ ይይዝና በተበሳሳ ጀሪካን አድርጎ ጀሪካኑን ከዳር አስሮ ውሃ ውስጥ ያኖረዋል፣ እንዳይሞቱበት። አንዱን ያወጣና መንጠቆውን በጀርባው በኩል ያሳልፈዋል፣ አጥንቱን ሳይነካ። ትንሹ አሳ አይሞትም። ተወግቶ ይዋኛል።

«አያመውም?» አልኩት።

«ያመዋል። ካላመመው ትልቁ አይመጣም። የሞተውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ኸይሪያ።»

ሌላም ነገር አለው፤ ከሻይ ማንኪያ ቀጥቅጦ የሠራት ብልጭልጭ። አርቆ ይወረውራትና መጠምጠሚያውን እያዞረ ይስባታል፤ ውሃው ውስጥ እየተሽከረከረች ትመጣለች። በሷም ይይዛል፣ ግን ትንንሹን ነው።

የሚይዘውን የምትገዛው ዓባይነሽ ናት። ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ባሏ ሞቶባታል። በጾም ቀን ለመኪና ሹፌሮች አሳ ትጠብሳለች፤ ወንድሟ መሸሻ ደግሞ ከሷ እጅ ይበላል። መሸሻ ሥራ የለውም። ሥራው እሷን መጠበቅ ነው። ዓባይነሽ ጂሩን በስሙ ነው የምትጠራው፤ አሳውን ስትቀበለው አፍንጫዋን አትይዝም። ነገሩ ከዚህ ነው የጀመረው መሰለኝ፤ ሌላ ምን ነበር?

ጂሩ ሽማግሌ ልላክ ብሎ መሸሻን የጠየቀው እኔ ቤት ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እንዲያው መሸሻ የሚመታው መስሎኝ ነበር። መሸሻ ሻዩን አማሰለ።

«ላክ» አለው። «ግን ባዶ እጃቸውን እንዳይመጡ። በዚያች በፈረንጅ ዘንግህ የተያዘ አሳ፣ ከክንዴ የሚረዝም። የብርብራ አሳ ካመጣህ አውቀዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። ጂሩ ግን ደስ አለው። ከብት ቢለኝ ከየት አመጣ ነበር፣ የማውቀውን ጠየቀኝ አለ።

ከዚያ ወንዙ ላይ ሰነበተ። ኅዳር ነው፤ ውሃው ጠርቷል፤ የጠራ ውሃ ደግሞ ሰውን ለአሳ ያሳያል አሉ። በብልጭልጯ ሞከረ፤ ከክንድ የሚረዝም ቀርቶ ከጣት የሚረዝም አላገኘም። በመጨረሻ ከድልድዩ በታች፣ ሾላው ውሃው ላይ ካጋደለበት ጥልቅ ቦታ፣ ተንበርክኮ ሕያው አሳ ሰደደ። ትንሹ አሳ ሲጨነቅ በክሩ በኩል እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር አለኝ። ቀጥሎ ዝም አለ። ቀጥሎ ዘንጉ ጎበጠ።

ነጭ አሳ ነው፣ ከመሸሻ ክንድ የሚረዝም። ወደ ድንጋዮቹ ሮጠ፤ ጂሩ ክር ለቀቀለት። ቆም ሲል ጠመጠመ፤ ሲሮጥ ለቀቀ። እስከ ደረቱ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ጂሩ ዋና አይችልም። ዳር ካወጣው በኋላ ላዩ ላይ ተኝቶበት አለቀሰ። በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ በከተማው መሐል ሲያልፍ ያን ቀን ማንም ቁርጡሚ አላለውም።

ሽማግሌ የሆኑለት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አቶ ወልደዮሐንስ፣ ከሰፈራው የመጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው። አንዱ የእናቱ ወንድም ኦቦ ጃራ ናቸው። ጂሩን ከእናቱ ሞት ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በጉቶ ጊዳ ወረዳ ስንት ጠብ ያበረዱ፣ ስንት ትዳር ያሰሩ ሰው ናቸው። አሳ ግን በሕይወታቸው ቀምሰው አያውቁም። ለድሮዎቹ ሰዎች አሳ እንደ እባብ ነው። ጂሩ እንኳ አሳ የሚበላው ከበር ውጭ፣ በራሱ ሳህን ነበር።

ሽማግሌ ቃሉን ተናግሮ መልስ ሳይሰጠው እህል አይቀምስም። ከቀመሰ ተፈቀደለት ማለት ነው። ይህን ልጅም ያውቃል።

ተጠያቂዋ ዓባይነሽ ከመጋረጃ ጀርባ ስለምትቀመጥ አሳውን እንድጠብስ እኔ ተጠራሁ። የመሸሻ ግቢ ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ነው። ማጀቱ በር ላይ ሆኜ ሁሉንም አየሁ። መሸሻ ሽማግሌዎቹን አላቆማቸውም። ጎንበስ ብሎ አስቀመጣቸው፤ እጅ አስታጠበ፤ አሳውን አስቀረበ። አቶ ወልደዮሐንስ መጀመሪያ ቃላችንን ስማ፣ መልሱን ስጠን፣ ምግቡ ይደርሳል አሉት።

«እህቴን ልከለክል አይደለም» አለ መሸሻ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። «አንድ ነገር ግን ከብዶኛል። ኦቦ ጃራ፣ ልጁን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። ይህን እጁ ያመጣውን በልተው ያውቃሉ?»

ኦቦ ጃራ አልበላሁም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እርስዎ ከተጸየፉት፣ እህቴ ዕድሜ ልኳን እንዴት ትብላው?»

አቶ ወልደዮሐንስ የኦቦ ጃራን ጋቢ ጎተት አደረጉ። ኦቦ ጃራ አላዩዋቸውም። አሳውን ነበር የሚያዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ቆርሰው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ፤ ዋጡ። ደግመው ጎረሱ።

«ይኸው» አሉ። «የልጄ እጅ ነው። በላሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ዓባይነሽ ስታለቅስ ሰማኋት። የደስታ ልቅሶ ነበር።

መሸሻ ሁለተኛው ጉርሻ እስኪዋጥ ጠበቀ።

«ሽማግሌ ሳይመለስለት አይቀምስም» አለ። «ይህን እኔ ለእርስዎ ላስተምር ነው? እህቴን ልትጠይቁ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ለምሳ ኖሯል። ይብሉ እንጂ፣ ይጨርሱት። ለጂሩም ንገሩት፣ አሳው ጥሩ ነው።»

አጥሩ ሥር ጓደኞቹን አስቀምጧቸው ነበር ለካ፤ ሳቁ። አቶ ወልደዮሐንስ ተነስተው ይህ ነውር ነው፣ አታለልከን ቢሉት፣ እኔ ነኝ ያጎረስኳቸው? አለ። ዓባይነሽ መጋረጃውን ገለጠች። «መሸሻ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። «ግቢ» አላት። ገባች።

እኔ በጓሮ ወጥቼ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ወሬው ግን ቀድሞኛል፤ ጎዶሎው ወሬ። እስራኤል ባጃጁ ላይ ቆሞ በአጥሩ አሻግሮ ሲመገቡ አይቶ፣ በሉ፣ ሽማግሌዎቹ በሉ እያለ ሻይ ቤቴ ለሚጠብቀው ለጂሩ ነግሮታል። ለክፋት አልነበረም። ጂሩ ለቤቱ ሰው ሁሉ ሻይ አዞ ነበር፤ አፍንጫቸውን ለሚይዙት ሁሉ። እነሱም ይጠጡ ነበር።

ሲያየኝ ተነሳ። «ኤሱማም በሉ?» አለኝ። ኤሱማ የእናት ወንድም ነው።

«በሉ» አልኩት። ሌላው አልወጣኝም።

ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ከእጄ በሉ» አለ። «ኤሱማ ከእጄ በሉ።» ሚስት ማግኘቱን እንኳ የረሳ መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ጂሩ ዘሎ ተነሳና ማንቆርቆሪያውን አነሳ፤ ኦቦ ጃራ ሳሙና ጠየቁኝ። እሱ ያፈሳል፣ እሳቸው ይታጠባሉ። ሽታው አልለቅ ብሏቸዋል። ጂሩ እያፈሰሰ ስለሚሠራው ቤት ያወራል፤ ቆርቆሮውን ከነቀምት አመጣለሁ፣ ለርስዎም አንድ ክፍል ይኖራል ይላል።

«ኤሱማ፣ ጣፈጠዎት?»

«ጣፈጠኝ፣ ልጄ» አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

ነገሩን የነገሩት አቶ ወልደዮሐንስ ናቸው። ጂሩ እየሰማ ማፍሰሱን አላቆመም። ውሃው እስኪያልቅ አፈሰሰ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን መለሰልኝ። ሻዩን የጠጡት ሰዎች ሳቃቸውን ይዘው እስኪወጣ ጠበቁ። ጥቂቶቹ አልጠበቁም።

ዓባይነሽ ዛሬም ትጠብሳለች፤ ከግቢ ግን አትወጣም። ኡኬ ውስጥ ሌላ አሳ ገዢ ስለሌለ ጂሩ ለነሱው ያመጣል። የሚቀበለው መሸሻ ነው፣ እኔ በር ላይ። በስንጥቡ አንጠልጥሎ ይመዝነውና «ያንን የሚያህል አልደገምክም» ይለዋል። ጂሩ መሬት መሬት እያየ ይስቃል። እስራኤልም ከከረጢቱ ጋር ያስቀምጠዋል።

ኦቦ ጃራን ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሁኑልን ብሎ የጠራቸው የለም። ሆዳቸው ቀደማቸው ይባላል። እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ይመጣሉ። ጂሩ አሳ ያመጣል፣ እኔ እጠብሳለሁ፣ ኦቦ ጃራ ገበያተኛው ሁሉ እያየ ከእጁ ይበላሉ። ጂሩ ሥራ አለኝ ብሎ ሲሄድ ወደ ጓሮዬ ይዞራሉ። ያስመልሳቸዋል። ውሃ እወስድላቸዋለሁ፤ አትንገሪው ይሉኛል።

አልነግረውም። እሱ ደግሞ ለሳቸው ሲሆን እየመረጠ ነው፤ ትልቅ ትልቁን ያመጣላቸዋል።