«በጣም ረክቻለሁ» የተባለላቸው ርዕሰ መምህርት

ደሴ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ሐሙስ ጠዋት ከደሴ ስነሣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ባለ መስታወት የምስክር ወረቀት ታቅፌ ነበር። ኮምቦልቻ ዳር ላለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ ለእትዬ ሐዋ፣ የማደርሰው ነው። «በሥራቸው ከፍተኛ እርካታ ላላቸው» ይላል። መሥሪያ ቤቴ፣ የዞኑ ትምህርት መምሪያ፣ የመረጣቸው አምና ርዕሰ መምህራን የሞሉትን የሥራ እርካታ መጠይቅ አይቶ ነው። መጠይቁን የሰበሰብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰበሰብኩ ማለቴ እንኳ ያሳፍረኛል። ሦስት ትምህርት ቤቶች ሲቀሩኝ ዝናቡ ጠና፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድም ጉም ለበሰ። እኔም እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ እንዳይመሳሰሉ እስክሪብቶ እየቀያየርኩ፣ የሦስቱንም ራሴ ሞላሁት። እትዬ ሐዋን በየስብሰባው ሲስቁ ስለማውቃቸው ከላይ እስከ ታች «በጣም ረክቻለሁ» አልኩላቸው። ይኸው አሸለማቸው፤ ማን ተጎዳ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሐረጎ ቁልቁል

የሚኒባሱ ረዳት ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አራት አድርጎ ጠቀጠቀን። ደሴ ላይ የደረብነውን ጃኬት ከጠመዝማዛው በታች ሙቀቱ ሲቀበለን እርስ በርስ እየተጋፋን አወለቅን። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጥቅሉን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ምንድን ነው ልጄ፣ መስኮት ነው?»

«ሽልማት ነው አባባ። የአንዲት ርዕሰ መምህርት።»

«ማሻአላህ። የለፋ ይሸለም» አሉ።

እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ውጭ ውጭውን ሳይ ሄድኩ።

ኮምቦልቻ፣ ሁለት ሰዓት

ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝኩ። ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኞች እንቅልፋቸውን እየታገሉ መንገዱን ያቋርጣሉ። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ጥቂት በእግሬ ሄጄ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። እትዬ ሐዋ መዶሻ ይዘው የተሰበረ ዴስክ ሲመቱ አገኘኋቸው።

«ሥራ እንዴት ነው እትዬ?»

«አልሐምዱሊላህ። ሦስት መምህር ለቆብኛል፣ ቧንቧው ከደረቀ ወር ሆነው፣ ሪፖርት ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት አምጪ ተብያለሁ» አሉ እየሳቁ። ያው አምና የማውቀው ሳቅ ነው።

ጋዜጣውን ስፈታው ግን ሳቃቸው ጠፋ። መስታወቱን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው አነበቡና ከመሳቢያ ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ። የእኛው ማኅተም አለበት። ከኃላፊነት ወርደው ወደ ክፍል ለመመለስ ያቀረቡት ጥያቄ፣ «በመጠይቁ ላይ በያዙት ሥራ በጣም እንደረኩ ስለገለጹ» ተቀባይነት አላገኘም ይላል።

«ላንድ ዓመት ብቻ ብለው ነው ያስገቡኝ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ አልያዝኩም» አሉ። «ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀረው። እሷን እንኳ አንደኛ ክፍል ገብቼ ፊደል ላስቆጥርባት ብዬ ነበር። የመምህራን ድልድል ደግሞ ነገ ያልቃል።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወላሂ፣ እንዲህ ብዬ መሙላቴ ትዝ አይለኝም። መርሳት ጀመርኩ እንዴ ብዬ ራሴን ጠረጠርኩት። ልጄማ ተጨንቃ ሐኪም ልታሳየኝ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ማን ተጎዳ እያልኩ እሳቸው የገዛ ጭንቅላታቸውን ሲጠራጠሩ ከርመዋል።

«እርስዎ አልሞሉትም» አልኩ። «የሞላሁት እኔ ነኝ። ዝናብ ነበር፤ ሳልመጣ ቀረሁ።»

ዝናቡን ማንሣቴ ራሱ አሳፈረኝ። እትዬ ሐዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያ ጤነኛ ነኛ» አሉ ቀስ ብለው። ወንበር ሳቡልኝ። «መጠይቁን ይዘሃል? በል አሁን ጠይቀኝ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ከነበረ ባዶ ቅጂ ላይ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ስለ ውኃው፣ ስለ መምህር እጥረቱ፣ ስለ ስብሰባው ብዛት «አልረካሁም» አሉ። ከወላጆች ጋር ስላላቸው ግንኙነት ስጠይቃቸው «እሱስ በጣም! ለዚህ ዴስክ እንጨቱን ያመጡልኝ እነሱ ናቸው» አሉ። ወደ ማስተማር መመለስ ይፈልጋሉ የሚለው ላይ ስንደርስ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ምልክት አደረጉ። አምና የሸሸሁት ሥራ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ልሄድ ስል ሽልማቱን በጋዜጣው መልሰው ጠቅልለው አስታቀፉኝ።

«ይህን ውሰደው። ረክቻለሁ ያልከው አንተ ነህ።»

ወደ ደሴ፣ ስድስት ሰዓት

ሽቅብ ስንወጣ ጋዜጣው ተቀደደና ጽሑፉ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አንብባው «የእናትህ ነው? እንኳን ደስ አላችሁ» አለችኝ። አይደለም ብዬ ጽሑፉን በጃኬቴ ሸፈንኩት።

ከቤቴ በፊት ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ኃላፊዬ «ሪፖርቱ እኮ ወደ በላይ አካል ሄዷል። ይህን በጽሑፍ ካመንክ ቅጣት አይቀርልህም» አለኝ። የሦስቱንም ትምህርት ቤቶች ስም ጽፌ ፈረምኩ። በረጅሙ ተነፈሰና የእትዬ ሐዋን ጥያቄ ከፋይሉ አውጥቶ ፈቀደላቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እስኪጠራ ድረስ ጨለማው ውስጥ የሚቆየው ሌላ ሰው እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። የቀሩት ሁለት ርዕሰ መምህራን ምን እንደደረሰባቸው ገና አላወቅኩም።

ቤቴ ስገባ ጥቅሉን ሳላስቀምጥ ለእትዬ ሐዋ ደወልኩ።

«ተፈቅዶልዎታል። አንደኛ ክፍል ይገባሉ።»



«አላህ ይስጥህ» አሉ። «እንግዲህ ያንን ነገር ለልጄም ንገራት፤ እኔን አታምነኝም።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ። የማላውቃት ሴት «አቤት» አለች፣ በፍርሃት።

«እናትሽ አልረሱም፣ እህቴ» አልኳት። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»