ሴት የማይገባበት ፎቶ

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ፎቶ አንሺ ቀጥሬያለሁ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ደስ ባሰኘኝ ቁጥር ኋላ እንደሚያስለቅሰኝ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ሰው መቼ ይማራል።

ደስ ያለኝ በምክንያት ነው። ባሕር ዳር እኔ ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰባት ፎቶ ተሰቅሏል። የወንድሜ ምረቃ አለ፣ የወንድሜ ሠርግ አለ፣ የልጆቹ ክርስትና አለ፣ አባታችን ካባ ደርበው መስቀል ይዘው የቆሙበት አለ። እኔ አንዱም ላይ የለሁም። ሁሉንም ያነሳሁት እኔ ነኛ! «እታለም፣ እስቲ አንሺን» ይሉኛል፤ አነሳለሁ። ካነሳሁ በኋላ «ነይ አንቺም ግቢ» የሚል አንድ የእናት ልጅ ተገኝቶ አያውቅም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት እኔን ነው።

በስልክሽ ከአባትሽ ጋር አትነሺም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ተነስቻለሁ። የወጣው ግማሽ ግንባሬና የአባቴ ጥምጣም ነው። ደግሞስ ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ስልኩ የተሰበረ ዕለት አብሮ ይቀራል። እኔ የፈለግሁት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ አባቴ ተቀምጠው እኔና ወንድሜ አጠገባቸው የቆምንበት አንድ ፎቶ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ የቀረነው ሦስት ነን። አባቴ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ዐይናቸው ሲደክም ከሐሙሲት ወዲያ ካለው ደብራቸው እኔ ጋ አመጣኋቸው፤ ይኸው ስድስት ዓመት። ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ ሐኪም ቤት ማመላለሱ የእኔ ነው። ወንድሜ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። ሲመጣ ብርቱካን ይዞ ይመጣል።

ዕቅዱን በስልክ አወጣን። አባቴ በወጣትነታቸው ድጓ የተማሩበት ገዳም ጣና ላይ ከአንዱ ደሴት ነው፤ ዐይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ ደጁን መሳም ይፈልጋሉ። ያ ገዳም ሴት አይገባበትም። ይኼን የማያውቅ ጣና ዳር የለም፣ እኔም አልከፋኝም፤ የአባቶች ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ እዚሁ ከተማው ዳርቻ ሦስታችንም እንነሳለን፤ ከዚያ እነሱ በጀልባ ይሻገራሉ። «መጀመሪያ እዚህ፣ ቀጥሎ ደሴቱ» ብዬ ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ።

ዓርብ ሹሩባ ተሠራሁ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ማለት ነው፤ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የምሠራ፣ አለቃዬ «ለፎቶ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። የአባቴን ጥምጣም አጥቤ፣ ነጠላዬን ተኩሼ፣ ቅዳሜ በጠዋት ሐይቁ ዳር ደረስን።

ፎቶ አንሺው ሁለት ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ መነጽሩን ጸጉሩ ላይ የሰካ ወጣት ነው። «ማዘር እንዴት ነሽ?» አለኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የወለደችህን ማዘር በል፣ አልሁ በሆዴ። ወደ አባቴ ዞሮ ደግሞ «ፋዘር፣ ሰላም ነው?» አላቸው። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምን አለኝ?» አሉ። «አባ ነው ያለዎት» አልኋቸው። ምን ልበላቸው?

ልጁ ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ውሃው አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ። «ላይቱ እዚህ አይመቸኝም። ጠዋት ደሴቱ ላይ በዛፎቹ መሀል የሚገባው ብርሃን ነው አሪፍ። እዚያ እንጀምርና ስንመለስ እዚህ እንጨርሳለን።»

«ኧረ መጀመሪያ እዚህ ነው የተባባልነው!» አልሁ።

«እታለም፣ አሁን ምን ያጨቃጭቃል? ባለሙያው ያለው ይሁን። የሰዓት ጉዳይ ነው» አለ ወንድሜ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ልመልስለት አስቤ፣ አባቴ ፊት ስለሆነ ዋጥ አደረግሁት። አባቴን ደግፌ ጀልባ ላይ አሳፈርሁና እኔም ገባሁ።

ደሴቱ ደረስን። ሴት ከጀልባ ማቆሚያው አታልፍም፤ እኔ ከጀልባ ነጂው ጋር ቀረሁ። ወንድሜ አባቴን በአንድ እጁ ደግፎ፣ ፎቶ አንሺው ከፊት ከፊት እየሮጠ፣ ወደ ዛፎቹ ገቡ። ነጂው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች፣ ሹሩባዬ በላብ ራሰ። እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ክፉ ነኝ። ወንድሜ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሠራኝን ግፍ አንድ በአንድ ቆጠርሁት፤ ገና አሥረኛ ክፍል ሳልደርስ መጡ።

አባቴ ደክመው ወንድሜ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ፊታቸው ግን በርቷል። «ደጁን ሳምሁት፣ ልጄ» አሉኝ። ለእሳቸው ደስ አለኝ፤ ደግፌ ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጥኋቸው። ለራሴ ደሜ ፈላ፤ ምክንያቱም ነፋሱ ተነስቶ ውሃው መቆጣት ጀምሯል፣ ነጂው ነቅቶ «ቶሎ በሉ፣ ጣና ከሰዓት በኋላ ቀልድ አያውቅም» ይላል፣ ፎቶ አንሺው ሰዓቱን ያያል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሽሮች አሉብኝ አለ።

«የእኛስ ፎቶ? የሦስታችን?» አልሁ።

«ማዘር ምንም ችግር የለም። አስገባሻለሁ።»

«ወዴት ነው የምታስገባኝ?»

«ፎቶው ውስጥ ነዋ! በፋዘርና በብሮ መሀል ቦታ ትቼልሻለሁ።» ካሜራውን አዙሮ አሳየኝ። አባቴ ገዳሙ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ወንድሜ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ መሀላቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት አለ።

ወንድሜን አየሁት። እሱ ውሃውን ያያል። ቦታ ትተዋል ማለት ስንመለስ እንደማንነሳ እዚያው ሆነው ያውቁ ነበር ማለት ነው። «ጀልባዋ ላይ እንኳ ከአባቴ ጋር አንሳን» አልሁት ልጁን። «ትወዛወዛለች ማዘር፣ ይደበዝዛል።» አባቴን አውርደህ አቁምልኝ አልሁት ወንድሜን። «አታይም? ደክመዋል እኮ! ልትገያቸው ነው?» አለኝ። እኔን! ስድስት ዓመት ሌሊትና ቀን ያስታመምሁትን!

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ብዙ ሰው እምቢ ይል ነበር። እኔ ግን ፎቶውን ፈለግሁት፤ ይኸው ነው። ልጁ የአባቴን ትከሻ የሚያህል ነገር ሲፈልግ፣ ዳር ላይ ለማድረቅ የተደገፈ የደንገል ታንኳ አገኘ። «እጅሽን እዚህ ጣል አድርጊ። የፋዘር ትከሻ ነው ብለሽ አስቢ። ፈገግ በይ።» እውነተኛው ትከሻ ከእኔ አራት እርምጃ ወዲያ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። እኔ ደንገል ላይ እጄን ጭኜ ፈገግ አልሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶው በትልቅ ፍሬም ታሽጎ በአውቶቡስ መጣ። ፊቴን አቅልቶት፣ ወገቤንም ቀንሶልኛል፤ ግን እኔ ነኝ። በአባቴና በወንድሜ መሀል ቆሜ፣ ቀኝ ትከሻቸው ላይ እጄን አድርጌያለሁ። የማያውቅ ሰው ቢያየው ስፌቱን አያገኘውም። የወንድሜን ምረቃ አውርጄ በቦታው ሰቀልሁት። ምረቃውን የት እንዳደረግሁት አልናገርም። «አባ፣ ሦስታችን ያለንበት ፎቶ ነው» አልኋቸው። ከተቀመጡበት ግድግዳው ላይ ያለውን አይለዩትም። «እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ» አሉ። የት እንደቆምሁ አልነገርኋቸውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ መሪጌታ አባቴን ሊጠይቅ መጣ። ድሮ ተማሪያቸው ነበር፤ አሁን ራሱም ጢሙ ሸብቷል፣ እሳቸውን ግን የኔታ ነው የሚል። ምሳ አቀረብሁለት። አንድ ሁለት ጎርሶ ቀና ሲል እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

«የኔታ፣ እኅታችን ገዳሙ ገብታ ነበር እንዴ?»

«ማን?» አሉ አባቴ።

«ይኸው በሩ ላይ ቆማለች እኮ፣ ፎቶው ላይ።»

አባቴ ፍሬሙን አስወረዱት። መስኮት ሥር አስጠግተው፣ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ አጎንብሰው፣ ከዳር እስከ ዳር አሸተቱት ማለት ይቀላል። ቀና አሉ።

«ገብተሽ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! አልገባሁም አባ። ኮምፒውተር ነው። ኋላ ነው የለጠፉኝ።»

«ገብተሽ ከሆነ ደፍረሻል። ካልገባሽ ዋሽተሻል። የቱ ነው?»

ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲነግሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከሁለቱ በር ሌላ መውጫ አልተዉልኝም። መሪጌታው ነገር እንደለኮሰ ገብቶት የወጡን ሳህን ብቻ ያያል።

«አውጪው» አሉ።

«ምኑን?»

«አንቺን። መቀስ አምጪና ከዚያ አውጪ። እኔ ዐይኔ አያይም፣ አንቺው ቁረጪው።»

እንግዳ ፊት ጮህሁባቸው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ አላፈርሁም። «ስድስት ዓመት ሙሉ ከጎንዎ ስውል ሳድር፣ አንድ ወረቀት ላይ አጠገብዎ ብቆም ምን ይጎድልብዎታል? ልጅዎ አይደለሁም?»

«ከጎኔ መች ተለየሽ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «እዚያ ግን አልነበርሽም።»

የልብስ መቀሴን አመጣሁ። ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ከእግሬ ጀምሬ ቀሚሴን፣ ወገቤን፣ ሹሩባዬን ተከትዬ ራሴን ቆረጥሁ። ማንም ሰው የገዛ አንገቱ ላይ መቀስ ሲያዞር ምን እንደሚሰማው እስኪያደርገው አያውቀውም። እጄ ላይ ስደርስ ቆምሁ። ጣቶቼ አባቴ ትከሻ ላይ ናቸው፤ እነሱን ካወጣሁ ትከሻቸው አብሮ ይወጣል። ለትከሻው ብዬ ነው የተውሁት ብል ሁሉም ያምነኛል። እውነቱ ግን እልህ ነው። አንጓው ላይ ቀጨሁና አራቱን ጣት እዚያው ተውኋቸው።

ፎቶውን ከነቀዳዳው መልሼ ሰቀልሁት። መሀሉ ላይ የፍሬሙ የጀርባ ካርቶን ቡኒ ሆኖ ይታያል። ወንድሜ ሰምቶ ደወለ። «እታለም፣ ይኼ ምን ችግር አለው? ለልጁ እነግረዋለሁ፣ ከኋላችን ገዳሙን አጥፍቶ ሐይቁን ያደርግበታል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።»

«አባትህን ከእኔ ጋር አንዲት ደቂቃ ማስቆም ያቃተህ ሰው፣ አሁን ጣናን ቤቴ ድረስ ልታመጣልኝ ነው?» አልሁና ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፎቶ አላሰብሁም። አባቴም ከአልጋ እስከ በረንዳ ከመሄድ በላይ አልቻሉም።

ወር ገደማ ቆይቶ መሪጌታው ደግሞ መጣ። ያን ቀን ፎቶውን ላለማየት አንገቱን አቀርቅሮ ነው የገባ፤ ግን ሰው ዐይኑን የት ይደብቃል። ውሃ ሳቀርብለት ሲያየው ያዝሁት።

«የኔታ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጣት ቀርቷል።»

«ምን ጣት?»

«የሴት ጣት ነው። ትከሻዎ ላይ። አራት ነው።»

አባቴ ድምፄን ወደሚጠብቁበት አቅጣጫ ዞሩ። «ትተሽው ነው?»

«አዎ። ትቼው ነው። አልቆርጠውም። ከፈለጉ ሌላ ሰው ያስቆርጡ።» በሕይወቴ አባቴን እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም።

«የትኛው ትከሻዬ ላይ ነው?»

«ቀኙ።»

ግራ እጃቸውን አንስተው ቀኝ ትከሻቸውን ያዙ። ተማሪ የነገረው ቅኔ ይለፍ ወይም ይውደቅ ሲሉ እንዲህ ነበር ዝም የሚሉ። መሪጌታው ጨነቀው። «ይነሳ፣ የኔታ?» አለ።

«ተወው» አሉ አባቴ። «እሱ ያረፈ እኔ ላይ ነው እንጂ ገዳሙ ላይ አይደለም።»

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። የወንድሜን ስልክ ግን አሁንም አላነሳም።