በአባቴ እጅ የታረደ

በእኛ አገር ሰው ሃይማኖቱ የሚታወቀው በሚሰግድበት ቤት ብቻ አይደለም፤ በሚበላው ሥጋም ነው። የእስላም ሥጋ አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ አለ። ሠርግ ሲደገስ ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ሁለት አራጅ ይጠራል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። ክርስቲያኗ ጎረቤቴ ልጇን ስትድር ለእኛ ለሙስሊሞቹ በግ ለይታ፣ አራጁን ከመስጊድ አስጠርታ ነው ያስተናገደችን፤ ክብር እንጂ ንቀት አላየሁበትም። እኔ የምጽፈው ስለ ሌላ ሥጋ ነው፤ እስላም አርዶት እስላም ስለማይበላው ሥጋ።

አባቴ ታንኳ ሠሪና ዓሣ አጥማጅ ነው። ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ዳር ቄጠማ አጭዶ፣ አድርቆ፣ በልጥ እያሰረ ታንኳ ይሠራል፤ ሲነጋ በዚያው ታንኳ መረቡን ሊያነሳ ይወጣል። ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ነው። ከአያት ቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ሙስሊሞች ነን። ሆኖም የከተማው ነጋዴ ሙስሊሞች፣ ዓርብ ዓርብ ከአባቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚሰግዱት ሰዎች፣ እሱ ያረደውን አይበሉም። ለምን ሲባሉ "ድሮ ጉማሬ ይበሉ ነበር" ይላሉ። አባቴ ጉማሬን የሚያውቀው እንደ ማንኛውም ቀዛፊ ነው፤ ሲያየው ይሸሻል። ለእኛ ያወጡልን ስምም አለ። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ እኔ አልጽፈውም።

ዓሣችንን ግን ሁሉም ይበላል። ዓሣ አራጅ አያስፈልገውም፤ ከውሃ ከወጣ አለቀ። ስለዚህ ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ ነጋዴውም ይገዛል፣ ቄሱም ይገዛል፣ ከደቡብ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራውም ይገዛል። "አላህ ዓሣን ባይፈጥር ማን ሰው ይለን ነበር!" እያለ አባቴ ይስቅ ነበር። እኔ አልስቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ።

አሥር ዓመት ግድም ሳለሁ፣ በአረፋ ቀን አባቴ በግ አርዶ፣ ዓሣ ለምትገዛን አንዲት የከተማ ሙስሊም ሴት ድርሻዋን በእኔ እጅ ላከላት። ሴትዮዋ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። "አላህ ይቀበለው በይው አባትሽን" አለችኝ። ሳህኑን ባዶውን መመለስ ነውር ነውና ቴምር ሞላችበት። ነጠላዬን ረስቼ ከመንገድ ስመለስ፣ ሥጋው በጓሮ በኩል ለውሻ ተጥሏል። ቴምሩን ይዤ ቤት ገባሁ። አባቴ አንዷን አንስቶ ቀመሰና "ደግ ሴት ናት" አለ። ለማንም አልተናገርሁም።

ካደግሁ በኋላ ተምሬ ቢሮ ተቀጠርሁ፤ ዓባይ ማዶም ቤት ተከራየሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከስልጤ የመጡ ሙስሊሞች አሉ። "የት አገር ነሽ?" ሲሉኝ "እዚሁ ባሕር ዳር" እልና ወሬ እለውጣለሁ። ውሸት አይደለም። እውነቱን ከግማሽ ቆርጦ ማስቀረት ግን ከውሸት በምን እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሴቶች ደርስ፣ የሃይማኖት ትምህርት ማለት ነው፣ መከታተል ጀመርሁ። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ ኡስታዙን ጠየቅኋቸው፤ ሰው ሙስሊም ሆኖ ሳለ እርዱ የማይበላለት በምን ምክንያት ነው?

"በምንም ምክንያት" አሉ። "የአላህን ስም ጠርቶ ካረደ ይበላል። እንዲያውም ኪታቡ የክርስቲያኑንም የአይሁዱንም ይፈቅዳል፤ እኛ ነን በልማድ የተውነው።"

"ታዲያ ሰው ለምን አይበላም?"

ጺማቸውን አሻሹ። "ልጄ፣ በኪታቡ ነገሩ አልቋል። በአገሩ ግን ገና ነው" አሉኝ።

ይህን መልስ ለብዙ ጊዜ ሳመነዥገው ኖርሁ። ልማድ አጥር ነው። በእኔና በክርስቲያኗ ጎረቤቴ መካከል ያለው አጥር ሁለታችንንም ያስከብራል፤ እሷም በዚያ ማዶ፣ እኔም በዚህ ማዶ፣ በላዩ እሳት እንጫጫራለን። ይኼኛው አጥር ግን መስጊድ ውስጥ፣ በአንድ ሰልፍ በቆሙ ሰዎች መካከል የታጠረ ነው። ሲሰግዱ አይታይም። ማዕድ ሲቀርብ ነው የሚታየው።

ደርሱ ሌላም ነገር አመጣብኝ፤ አባቴን ማረም ጀመርሁ። በመውሊድ ቀን ድቤ እየመታ መንዙማ ያወጣል፤ አዲስ ታንኳ ውሃ ሲነካም ሽማግሌ ጠርቶ ዱዓ ያስደርጋል። ይህ የመንደራችን ወግ ነው። እኔም ከከተማ በመጣሁ ቁጥር "አባባ፣ ይሄኮ በኪታቡ የለም" እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ታንኳ ሲያስር ልጡን ከጥርሱ አውጥቶ "እኔስ? እኔ በኪታቡ አለሁ?" አለኝ። ያን ቀን እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ባሌን አወቅሁት። ወሎዬ ነው፤ እዚሁ ፋብሪካ ይሠራል። ማን መሆኔን፣ የማን ልጅ መሆኔን ነገርሁት። "እኔ ያፈቀርሁት አንቺን ነው፤ አያትሽ የበሉትን አልጠየቅሁም" ብሎ አሾፈብኝ። ዘመዶቹ ግን ምን እንደሚሉ እሱም አያውቅም ነበር። እነሱም ሽማግሌ እንደሚልኩ አስታወቁ፤ እሑድ ለምሳ ይመጣሉ ተባለ።

አባቴ ደስታው ወሰን አጣ። ሐሙሲት ገበያ ወርዶ ሙክት ገዛ። የከተማ ሰው፣ ያውም ሙስሊም፣ ከቤቱ ማዕድ ሊቆርስ ሲመጣ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር፤ ለእሱ የእኔ ጋብቻ ብቻ አልነበረም ጉዳዩ። እኔም ይህን አውቃለሁ። ስለማውቅም ነው እንቅልፍ ያጣሁት፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ቢሰበስቡስ? በገዛ ቤቱ፣ በዘመድ ፊት፣ ያረደው ሳይነካ ቢነሳስ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ሄድሁ። ሐይቁ ዳር ታንኳ ሲያስር አገኘሁት።

"አባባ፣ በጉ ይቅር" አልሁት።

"ለምን ይቀራል? ምን የመሰለ ሙክት ነው እኮ።"

"ሥጋ ከከተማ አመጣለሁ። አንተ አትድከም።"

"ማረድ ያደክማል እንዴ?"

"ሰዎቹ እንግዳ ናቸው። ማን እንዳረደው ሊጠይቁ ይችላሉ።"

ልጡን ስቦ ቋጠረው። ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረው። "እሺ" አለ። ቢቆጣኝ ኖሮ እከራከረው ነበር፤ የኡስታዙን መልስ ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት። ለ"እሺ" ግን የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ የባሌ አጎት፣ ባሕር ዳር ሱቅ ያለው ዘመዳቸው፣ እና አንድ በዕድሜ የገፉ ሼኽ። ዱዓ ተደረገ፣ የአገር ደኅንነት ተጠየቀ፣ እጅ ታጠቡ። እናቴ ከከተማ ያመጣሁትን ሥጋ በቀይ ወጥ ሠርታ፣ ከጎኑ የዓሣ ወጥ አድርጋ ትሪውን አቀረበች። አጎትየው ቢስሚላህ ብለው እንጀራውን ሊቆርሱ ሲሉ፣ እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "ሥጋው ከከተማ የመጣ ነው፤ የታወቀ አራጅ ነው ያረደው" አልሁ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ባለሱቁ "ማሻአላህ" ብሎ ወደ ትሪው ቀረብ አለ። ሼኹ ግን እጃቸውን መለሱ። ይባስ ብሎ በጉ ከጓሮ ጮኸ። ሼኹ ወደ ድምፁ ዞረው አዳመጡና አባቴን፣ "የቤቱ ጌታ አያርዱም?" አሉት።

አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። "አርዳለሁ" አለ። "ዛሬ እጄን አሞኝ ነው እንጂ።" ይህን ብሎ ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተው። በዚያ እጁ ጠዋት ታንኳ ወደ ውሃ ሲገፋ አይቼዋለሁ። አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የዋሸው እኔን ለመሸፈን ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ሼኹ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። የገባቸው ይመስለኛል። "እኛ ልጅ ልንለምን እንጂ ቤት ልንፈትን አልመጣንም" አሉ ረጋ ብለው። "ቀኑ ገና ነው። እጅዎ ከተሻለዎ ይነሱና ይረዱልን፤ እንጠብቃለን።"

የምንመኘው ነገር መጣ አልሁ በልቤ። አባቴ ግን አልተነሳም።

"ሼኽዬ፣ አክባሪዎ ነኝ" አለ። "እስከ ዛሬ ያረድሁት ለአላህ ብዬ ነው። አሁን ብነሳ ግን ለምስክር ነው የማርደው። ይቅርብኝ።"

ሼኹ "ሐቅ ነው" አሉና ወደ ዓሣው ወጥ ዞሩ። አባቴም ከእሳቸው ጋር ከዓሣው በላ። የቀሩት ሁለቱ ከሥጋው በሉ። እኔም በዚያው ቀን ተፈቀድሁ፤ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ባሌ እንደነገረኝ፣ ሼኹ በሄዱበት ሁሉ ስለ አባቴ ያወራሉ።

ከዚያ እሑድ በኋላ አባቴ ማረድ ተወ። ሙክቱን ለጎረቤት ሰጠው። አረፋ ሲመጣ የአጎቴን ልጅ ጠርቶ አሳረደ። ምክንያቱን የጠየቀው ሰው ሁሉ "እጄን ያመኛል" የሚል መልስ ነበር የሚያገኘው። በዚያው እጁ ግን ይቀዝፋል፣ ደንገል ያጭዳል፣ መረብ ይጎትታል። እናቴ አንድ ቀን ወደ ጓዳ ጎትታ "አባትሽን ምን አድርገሽው ነው?" አለችኝ። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሚሉት እኔን ነው። የከተማው ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ሊያስተወው ያልቻለውን ነገር እኔ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አስተውሁት። ጉልበቱ ላይ ወድቄ "አፉ በለኝ" አልሁት። "ለምኑ ብለሽ፣ አፉ ብያለሁ" ብሎ አነሳኝ። ማረዱን ግን አልተመለሰበትም። ሦስት አረፋ እንዲሁ አለፈ።

ዓምና ሴት ልጅ ወለድሁ። እንደ ወጋችን እናቴ ቤት ነበር የታረስሁት። ለሕፃን በሰባተኛው ቀን በግ ይታረዳል፤ አቂቃ እንለዋለን፤ የሕፃኑ ስም የሚወጣው ያን ቀን ነው። በስድስተኛው ቀን አባቴ ሊያያት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልጄን አቀፈ።

"አባባ፣ አቂቃዋን አንተ እረድላት።"

"እጄን..."

"እጅህን አያምህም፣ አባባ።"

ልጄ ጣቱን ይዛ ነበር።

"እኔ የተውሁት ያ ሰው ይበላዋል፣ ይኼ ሰው አይበላውም ብዬ አይደለም" አለ። "እሱን ለምጄዋለሁ። አንቺ ትበያለሽ?"

"እንዴ አባባ!"

"አሥረኛ ክፍል ከገባሽ ወዲህ እኔ ካረድሁት ጎርሰሽ አታውቂም። አንዴ ሆዴን ትያለሽ፣ አንዴ ጥርሴን፤ እናትሽም ለብቻሽ ሽሮ ትሠራልሻለች። እኔኮ አጥማጅ ነኝ ልጄ፤ የገባውንም ያመለጠውንም አውቃለሁ።"

እውነት ነው። ለራሴ እንኳ በግልጽ ብዬው የማላውቀውን ነገር እሱ ከጉርሻ ጉርሻ ሲከታተል ኖሯል። የሽማግሌዎቹን እጅ ፈርቼ ነበር፤ ከትሪው የሸሸው ግን የእኔ እጅ ነበር። ኡስታዙ ያሉኝን በጭንቅላቴ ተቀብዬዋለሁ፤ ሆዴን ግን ሳላውቀው ለከተማው ሰው አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ። አለቀስሁ። አባቴ አላባበለኝም፤ መልሴን ነበር የሚጠብቀው።

"እበላለሁ" አልሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ከተኛሁበት ክፍል ሆኜ ድምፁን ሰማሁት። በጉን ወደ ቂብላ ሲያዞረው፣ ቀስ በል ሲለው፣ ከዚያ "ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር" ሲል። ተነስቼ እንግዶቹ ወዳሉበት ወጣሁ። ጉበቱ ተጠብሶ መጣ። ዘመድ ጎረቤቱ ከትሪው ዙሪያ ተቀመጠ፤ ባሌ አለ፣ አጎቶቼ አሉ፣ ሴቶቹ አሉ። አባቴ እጁን ታጥቦ ከፊቴ ተቀመጠ። አልጎረሰም። ወደ በሩ፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ ይመስላል፤ እኔ ግን የሚጠብቀውን አውቃለሁ። እንጀራ ቆርሼ ከጉበቱ ጠቀለልሁና ጎረስሁ። አላመጥሁ፤ ዋጥሁ። አባቴ እጁን ወደ ትሪው የዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።